ጋሼን የወሰደው ዝናብ

እታለም፣ ፖስት ካርዱ ላይ ያለችውን ፀሐይ እንዳታምኛት፤ እኛ ትንበያ ሠሪዎቹ እንኳ አላየናትም። እኔና አንቺ ያረጀንበትን የአየር ትንበያ ፕሮግራም እዚህ ሰው አገር ለሱፐር ኮምፒውተር እንዲመች በአዲስ የኮምፒውተር ቋንቋ እየጻፍነው ነው። ዛሬ ለሙከራ ሁሉም ከየአገሩ የሚያውቀውን አንድ ያለፈ ዝናብ ከነመረጃው ያምጣ ተባለ። እኔ ወንድምሽን፣ ጋሼን፣ ድልድዩ ላይ ከነመኪናው የወሰደውን አመጣሁ። ለምን እንደመረጥኩት እኔም አላውቅም።

ያን ቀን የእኛ ኮምፒውተር እየተንፏቀቀ ስሌቱን ሲጨርስ ጎርፉ ድልድዩን ወስዶት ነበር። እዚህ ግን የዚያኑ ቀን የጠዋት መረጃ ለአዲሱ ፕሮግራም ሰጥቼው የቀዳሁት ሻይ ሳይበርድ ጨረሰ፤ ከባዱ ዝናብም በቦታው፣ በሰዓቱ መጣ። "ልክ ነው! ከድሮው ውጤት ጋር አንድ ነው!" ብለው ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። የቡድኑ መሪ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ "ምነው፣ ደስ አላለህም?" አለችኝ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለውን እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ቦታ አለቀብኝ፤ ዳር ዳሩን እየጻፍኩ ነው። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የእናትሽንም ጉልበት ሳሚልኝ። እሳቸው የሚጽናኑት "ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?" እያሉ ነውና፣ ይህን ካርድ አታንብቢላቸው።