ደረጃው ስንት ነው?

ውድ ወንድም ጋሼ፣

አንተም ደህና፣ ያቺ የጭነት መኪናህም ደህና? እሷን አስቀድሜ ብጠይቅልህ ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ተራው ያንተ ነው።

ባለፈው ስትደውል ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ እንደተቀበሉኝ ነገርኩህ። የታዋቂውን ስም ገና ከመጥራቴ «ደረጃው ስንት ነው?» አልከኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አስራ ሁለት!» አልኩህ። አንተም «መደገፊያ ካለው አስራ ሁለት ምንም አይደል፣ ቀስ እያልሽ ትወጪዋለሽ» አልክ።

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁብህ። በማግስቱ የውሃ ምርመራ ክፍላችን ሰው ሁሉ ሳቀብህ። አለቃዬ ብቻ ቆጣ አለ። እሱ ስለ ደረጃ ቀልድ አያውቅም፤ ዕድሜ ልክሽን አብሮሽ የሚኖረው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው፣ ምን ታመነቺያለሽ ይለኛል። ለኔ አስቦ ነው።

ቤት ገብቼ ክራንቾቼን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ ግን ሳቄ ጠፋ። ስንት ወር ሙሉ ክፍያውን፣ አየሩን፣ መምህራኑን ሳወዳድር ስለ ደረጃ መውጣት አንዴም አልጠየቅሁም። ለምን መሰለህ? ትምህርት ቤት እያለን ደረጃ የሚወጣው ያንተ ጀርባ ነበር። እኔን ፎቅ አድርሰህ ወደ ክፍልህ ስትሮጥ ሁልጊዜ ታረፍድ ነበር። «ከሲሚንቶ ትከብጃለሽ» ትለኛለህ፤ «ሲሚንቶ ግን አያወራህም» እልሃለሁ። አመሰግናለሁ ያልኩህ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ወንድም ጋሼ፣ አመሰግናለሁ።

እናም ለሁለቱም ያንተን ጥያቄ ጻፍኩላቸው። ታዋቂው በትህትና መለሰ፦ ትምህርቱ የሚሰጠው ጥንታዊ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት ማስገባት አይፈቀድም፣ የሚያግዙሽ ሰዎች እናፈላልጋለን። ሌላ ጀርባ ሊፈልጉልኝ ነው።

ከሁለተኛው የመለሰችልኝ አማካሪዬ የምትሆነው መምህርት ራሷ ናት። እኔ ልሠራበት የምመኘውን የጉድጓድ ውሃ ማጣራት ዕድሜዋን ሙሉ ስታጠና የኖረች ሴት ናት። የላብራቶሪ ጋሪ ላይ ባዶ ጠርሙሶች ደርድራ፣ ከተማሪዎች ማደሪያ እስከ ላብራቶሪው እየገፋች ቪዲዮ ቀርጻ ላከችልኝ። ጠርሙሶቹ ሲንኳኩ ይሰማል። አንድ በር ጋ ስትደርስ ጎማው ደፉ ላይ ተያዘ፤ ቆም አለችና «ይሄ መስተካከል አለበት» አለች። በሳምንቱ የተስተካከለውን ደፍ ፎቶ ላከች። እማዬ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችና «ወደዚችኛዋ ሂጂ» ብላ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እያለቀሰች እንደነበር ጀርባዋ ያስታውቃል።

ትናንት መወሰኔን ለአለቃዬ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ «እሺ፣ የዚህኛው ደረጃ ስንት ነው?» አለኝ።

«ዜሮ» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መነጽሩን እንደያዘ ከሁላችንም በላይ ሳቀ፤ ከዚያ ብድግ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

የምሄድ ቀን መኪናህን አቁመህ ና። ሻንጣዬን ትሸከምልኛለህ፣ በጣም ከባድ ነው፤ እኔ ግን አጠገብህ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገዱን ሙሉ አወራሃለሁ።

የማትከብድህ፣
ሲሚንቶ