ባሕር ሳያይ ካራማራ ላይ የተያዘው ቀሲል

ለተከበሩ ጓድ ንብረት፣
የአርአያ ሠራተኞች የመርከብ ሽርሽር አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
በግድግዳ ጋዜጣችን በኩል ቆሞ ላነበበውም ሁሉ

ጅጅጋ፣ የካቲት 1979 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ አመለወርቅን፣ በተለይም ደግሞ የጉንጭዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የስልክ ቤቷ ኦፐሬተር ብርቄ፣ ካራማራ ኬላ ላይ ከሽርሽሩ አውቶቡስ ካስወረዱኝ ቀን ጀምሮ እግዜር ይስጥልኝና እጅግ ደህና ነኝ። እንዲያውም ካሰብኩት በላይ ዝነኛ ሆኛለሁ።

ነገሩን ያልሰማ ካለ ይስማልኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ከአሰብ እስከ ምጽዋ በመርከብ እንዲንሸራሸሩ ከተመረጡት ሠራተኞች አንዷ እኔ ነበርኩ። ቀይ ባሕርን በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም። የአሰቧ ኦፐሬተር ሱዕዲ መስመሩ በተከፈተ ቁጥር ባሕሩ ዛሬ ተቆጣ፣ ዛሬ ደግሞ ተኛ እያለች ስትነግረኝ፣ እኔም እንደ ዘመድ ደህንነቱን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ስመረጥ በደስታ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ መስመር ታገናኝልኝ ብሎ መጥቶ የባሕር ወሬ ሰምቶ የተመለሰ ብዙ ነው። ጎረቤቴ ኤብላም የባሕሩ ጨው ፊትሽን እንዳይበላው ብላ አንድ የወተት ቆርቆሮ ሙሉ ቀሲል አዘጋጀችልኝ። ቀሲል የቁርቁራ ቅጠል ደርቆና ተወቅጦ የሚገኝ፣ የዚህ አገር ሴት ሁሉ ፊቷንና ጸጉሯን የምትታጠብበት አረንጓዴ ዱቄት መሆኑን ለጅጅጋ ሰው ማስረዳት ነውር ነው። ለኮሚቴው ማስረዳት ግን አስፈልጎኝ ነበር፤ አልተሳካልኝም።

አንደኛ፣ ስለ ደንቡ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የመርከቡ ደንብ ሐሺሽና መሰል ቅጠላ ቅጠል ይዞ መሳፈርን ይከለክላል፤ ደግ አደረገ፣ ባሕር መሐል ራሱን የሳተ ጎረቤት ማንም አይፈልግም። እኔን ያስደነቀኝ መርከቡ አሰብ ላይ ቆሞ ሳለ ደንቡ ካራማራ ተራራ ድረስ መጥቶ እኛን መቀበሉ ነው። ደንቡን ሲያነቡልን ግራ ጉንጭዎ በጫት ተወጥሮ ስለነበር ሐሺሽ የሚለው ቃል አልወጣ ብሎዎት ደገሙት። አንዳንዱ ሰው ሳቀ፤ እኔ ፊቴን ወደ ተራራው አዙሬ ስለነበር ሳቄን ያየ የለም። ጫትስ ቅጠል አይደለም ወይ ብሎ የደፈረውን ሾፌራችንን ዋርሳሜን፣ ጫት የሠራተኛው መነቃቂያ በመሆኑ ከቅጠል እንደማይቆጠር በትዕግሥት አስረዱት። ዋርሳሜም ተምሮ ወደ መሪው ተመለሰ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው ጥራት። ቆርቆሮዬን ከፍተው አፍንጫዎን ሲያስገቡ ደጋግመው አስነጠሱ፤ ያን ዕለት ያላልኩዎትን ይማርዎ ዛሬ ተቀበሉኝ። ዋርሳሜ እናቱም፣ ሚስቱም፣ እህቶቹም የሚታጠቡበት እንደሆነ ቢምልልዎ መሪውን ይዞ አርፎ እንዲቀመጥ አዘዙት። ከዚያም ነገሩ ሳይንሳዊ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል ብለው ቁንጥር ቀሲል ወረቀት ላይ አቃጠሉና ጭሱን ሳቡት። ወዲያው ዞረብኝ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጓድ ንብረት፣ ቁርስ ሳይቀምስ ጫት ሲቅም ያረፈደ ሰው የሚያሸተው ዳቦ እንኳ ቢሆን ይዞርበታል፤ የእርስዎ መዞር ግን በእኔ ላይ ማስረጃ ሆኖ ተያዘ። ለሳይንስ ሲል ራሱን የሚሠዋ ሊቀመንበር ስላለን ኮርተናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ገዛ ፊቴ። ንጹሕነቴን ላሳይ ብዬ ቀሲሉን በኮዳ ውሃ ለውሼ እዚያው ኬላው ላይ መቀባት ጀመርኩ። ግራ ጉንጬን ጨርሼ ወደ ቀኙ ስሻገር እጄ ተያዘ፤ ማስረጃ የማጥፋት ሙከራ ነው ተባለ። ወደ አውቶቡሱ ልመለስ ስል የነገሩኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ሕግ ሕግ ነው፣ ቅጠልም ቅጠል ነው። ባሕሩ የትም አይሄድም፤ አንቺ ውረጂ።» እውነትዎን ነው፣ ባሕሩ የትም አልሄደም። እኔም የትም አልሄድኩም። የሄደው አውቶቡሱ ነው።

ከሐረር ጎመን ጭኖ በመጣ መኪና፣ ግማሽ ፊቴ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ጎመኑ ላይ ተቀምጬ ጅጅጋ ገባሁ። ያን ሁሉ ቅጠል ኬላው ላይ ወዴት ነህ ያለው አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ሲያየኝ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። ጓድ ንብረት፣ ቀልዱን ለአንድ አፍታ ላቁመውና ልንገርዎ፦ ባሕር ማየት እፈልግ ነበር። ጓደኞቼ በፀሐይ ጠቁረው ሲመለሱ ዛጎል አመጡልኝ፤ ጆሮዬ ላይ ባደርገው የአሰብ መስመር ሲበላሽ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ፤ እሱን ደግሞ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ዛሬ ወረፋ የሚይዘው ሰው የሐሺሿ ኦፐሬተር ይለኛል፤ ኤብላ ምስኪኗ ደግሞ አቅራቢዋ ተብላለች፣ ጥፋቷ ለፊቴ ማሰቧ ነው።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ትዕግሥት ያስተማሩኝ ነው። ኬላው ላይ የወሰዱብኝ ቆርቆሮ ለላቦራቶሪ ምርመራ አዲስ አበባ ተልኳልና ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቂ ብለውኛል፤ ይኸው እየጠበቅኩ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ስሜም የኤብላም ስም በዚሁ ግድግዳ ላይ እንዲጸዳልን፣ በሚያዝያው ሽርሽርም ቦታዬ እንዲመለስልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

መንገድዎ ከኬላ፣ ጉንጭዎ ከድካም እንዲጠበቅ እየተመኘሁ፣ በግራ ጉንጬ ወዝ፣ በቀኙ ቅሬታ ይዤ፣ ሁልጊዜም መስመርዎን ለማገናኘት ዝግጁ የሆንኩት

ብርቄ፣ ከስልክ ቤት

ማስታወሻ፦ ምስጢር መጠበቅ የሥራ ግዴታዬ ስለሆነ ሽቦ ላይ የሰማሁትን አልናገርም። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ የሐረር መስመር ደካማ ስለነበር፣ ወይዘሮ አመለወርቅ ሐረር ላሉት እህታቸው እየጮኹ የተናገሩትን ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ያሉትም ጓድ ንብረት በወተት ቆርቆሮ ያመጣላቸው አረንጓዴ ዱቄት ፊታቸውን የሙሽራ እንዳስመሰለውና እያለቀባቸው በመሆኑ ከየት እንደሚገዛ እንዲጠየቅላቸው ነበር። ተናግረው ሲወጡም አየናቸው፤ እውነትም አምረዋል። የላቦራቶሪውን ውጤት ያየነው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው ሐሺሽ ከሆነ፣ በእርስዎ ቤት ቅጠል በባል ጉንጭ ከውስጥ፣ በሚስት ጉንጭ ከውጭ አለና ሁለታችሁንም መርከቡ አይቀበላችሁም። ቀሲል ከሆነ ደግሞ የሚያዝያው ቦታ የእኔ ነው። ለወይዘሮ አመለወርቅ ኤብላ ሌላ ቆርቆሮ ሙሉ ወቅጣ አስቀምጣላቸዋለች፤ ካራማራን ስለማይሻገር ደንቡ አያገኘውም።