ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ሊፍት

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ከተኛህበት ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የጠያቂ ሰዓት ገና ስለሆነ አምስተኛ ፎቅ አያስወጡኝም፤ ስልክህም ዝግ ነው። ነርሷ ወረቀቱን አደርስለታለሁ ብላኛለች። ፈርቻለሁ።

ነገሩ ያንተው ሊፍት ነው። ጡረታ ስትወጣ ሊፍቶቹን የሚያዝዘውን ኮድ ለእኔ አስረክበኸኝ የለ? ትናንት አለቃዬ የዚህን ሆስፒታል ሊፍት ፕሮግራም እንዳየው ሰጠኝ። የጻፈው ወጣት አዲሱን ሊፍት አንተ ከጻፍከው ወላጅ ኮድ፣ ከክላስህ፣ የተወለደ ልጅ አድርጎ፣ ስም አውጥቶለት፣ ሌላውን ሁሉ ከወላጁ እንዲወርስ ትቶታል። ወላጁ ደግሞ የእሳት ደወል ሲጮኽ ምድር ቤት ወርዶ በሩን ይከፍታል። አንተ በሠራህባቸው ሕንፃዎች ልክ ነበር፤ መውጫው እዚያ ነውና። እዚህ ግን ሕንፃው ዳገት ተደግፎ ስለተሠራ መውጫው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት ያለው ወጥ ቤቱ ነው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ የጋዝ ሲሊንደሮቹ ይታዩኛል። እሳት ቢነሳ ከዚሁ ነው፤ ሊፍቱም በሽተኞቹን ጭኖ ሰተት ብሎ እዚሁ ይመጣል። አንተ ደግሞ በዚያ እግርህ ደረጃ መውረድ አትችልም።

ለአለቃዬ ስነግረው «የአባትሽ ኮድ ስንት ዓመት ሰው ሳይጎዳ ሠርቷል፤ እባክሽ አትነካኪው» አለኝ። እሺ ብዬ ልወጣ ስል ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ «ተነሱ!» ትላለህ፤ ወንድሜ ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ እህቴ ብርድ ልብሷን ትከናነባለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ሥራውን ስጀምር ይህንኑ አስታውሰህ፣ «ትእዛዙ አንድ ነው፤ ሁሉም እንደየራሱ ይመልሳል። ጠሪው ማን እንዴት እንደሚመልስ ማወቅ አያስፈልገውም» አልከኝ።

«ወላጁን ኮድ አልነካም» አልኩት አለቃዬን። «የዚህን ሊፍት የራሱን መልስ ልጁ ኮድ ላይ ነው የምጽፈው። ደወሉ ያው ደወል ነው። በሌሎች ሕንፃዎች ያሉት ሊፍቶች እንደ ድሮው ይወርዳሉ፤ ይኼኛው ብቻ ሁለተኛ ፎቅ ይቆማል።»

«እንግዲህ ሕጋችንን ታውቂያለሽ» አለኝ።

ሕጉ ያንተ ነው፤ ኮዱን የጻፈ መጀመሪያ ራሱ ይሳፈራል። ማታውኑ ጻፍኩት፤ ዛሬ የእሳት ደወሉ ተደውሎ ሊፍቱ ሲሞከር ውስጡ የምሆነው እኔ ነኝ። በተዘጋ ቦታ ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ እያወቅክ እንዲህ ያለ ሕግ ይወጣል፣ አባዬ?

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደምትል አውቃለሁ። በል፣ ግድ የለም። ከሊፍቱ ይልቅ የምፈራው፣ አንተ እዚያ ተኝተህ የጻፍኩት ባይሠራ ነው። እወድሃለሁ ብዬህ አላውቅም፤ እኛ ቤት እንዲህ አይባልም። እንግዲህ ተጽፏል፤ ነርሷም ብታነበው ታንብበው።

ቴክኒሻኑ እየጠራኝ ነው። ሙከራ መሆኑ ለነርሶቹ ተነግሯቸዋል። በሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከተከፈተ፣ ቢከለክሉኝም በደረጃ ወደ አንተ እወጣለሁ። ምድር ቤት ከተከፈተ ደግሞ ወንድሜን ጠርቼ ዛሬውኑ ተሸክመን እናወርድሃለን፤ ብትቆጣም ተቆጣ።

ደወሉ ሲጮኽ እንዳትደነግጥ። እኔ ነኝ።

ትንሿ ልጅህ