ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ዳሲቱ፣

ሰቃ ከተማ፣ አክስቴ ጋ ልገባ ነው። ቁልፌን ለአከራያችን ለእትዬ አለሚቱ ሰጥቻታለሁ። ውሃ ከሰዓት ይመጣል ተብሏል፣ በርሜሉን ሙዪው።

ኩባያዬን አትፈልጊው፣ ይዤው ሄጃለሁ። ሳንባዬን ታምሜ ዓመት ሙሉ ስተኛ፣ ካንቺ ኩባያ እንዳይቀላቀል ብለሽ ቀይ ክር አሰርሽበት። ያኔ አልከፋኝም፤ አጥሚትሽንም አልረሳሁም።
ሐኪሙ ድነሻል ካለኝ ግን አራት ወር ሆነው። ክሩን በፈታሁት ቁጥር መልሰሽ ታስሪዋለሽ።
ዛሬ ጠዋት ሻይ የጠጣሁት ባንቺ ኩባያ ነው። አላጠብኩትም።

አልጋ ላይ ሆኜ የጻፍኩት ፊልም ታጥቦ መጥቷል። የኪነት ቡድናችን ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ያሳየዋል። ስለዚያ ኩባያ ነው። ባለፈው «ካሜራውን ልሞክር፣ እስቲ ክሩን እሰሪው» ብዬ ያነሳሁሽም አለበት። ለፊልሙ መሆኑን ሳልነግርሽ ማንሳቴ...
ተይው።

ፊትሽ አይታይም፣ ቀለበት ያደረገው እጅሽ ብቻ ነው። ከፊት ወንበር ይዤልሻለሁ። ቀለበትሽን አድርገሽ ነይ።

ኡምሀኒ