ዓይን ገብቶበታል የተባለው ሃርፕሲኮርድ

ማክሰኞ
ዛሬ እማዬ ላይ ጮህኩባት። ነገም ሳልጮህ አልቀርም።
ከልምምድ ስመለስ የሃርፕሲኮርዱ ክዳን ተከፍቷል፤ ውስጡ ውሃ በውሃ ሆኗል። ጠበል! «እሑድ የማኅበር ሰዎች ሲያደንቁት ዓይን ገብቶበት ነው፤ ደህና ቢሆን በየቀኑ ትጠግኚው ነበር?» አለችኝ። መጠገን አይደለም እማ፣ መቃኘት ነው! ሃርፕሲኮርድ በየቀኑ ነው የሚቃኘው። ስንቴ ልንገራት?
ፒያኖ ይመስላል እንጂ ፒያኖ አይደለም። ቁልፉን ስትጫኚው ቀጭን የእንጨት ዘንግ ብድግ ብሎ የብረት ክሩን ይቆነጥራል። አሁን ዘንጎቹ አብጠዋል። ይነሳሉ፣ አይመለሱም። ቅዳሜ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የምጫወትበት ኮንሰርት ነው። መሣሪያው የኔ እንኳ አይደለም፤ አስተማሪዬ በአደራ የሰጠችኝ ነው።

ረቡዕ
የአዳራሹ ኃላፊ፦ «ኖ ስትረስ፣ አትጨነቂ! ፒያኖ አለን፣ ያው አይደል?»
ያው! ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ያው ለመባል ነው? እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ቀኑን ለአንድ ፒያኒስት እሰጣለሁ አለ።
አባዬ ጀፕ ሰፈር ያለውን የብርድ ልብስ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ ጉዱን ሰምቶ ሳቀ። «በቃ ክርስትና ተነሳ በዪዋ!» በሩን ደርግሜ ክፍሌ ገባሁ።

ሐሙስ
ዘንጎቹን በሙሉ አውጥቼ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቼ አሰጣኋቸው። ከንፈሬን የሚሰነጥቀው ደረቁ የጆበርግ ክረምት ለአንዴ እንኳ ይጥቀመኝ።
ሻይ አፍልቼ ስወጣ እማዬ ተንበርክካ እንደ በርበሬ ታገላብጣቸዋለች። ነፍሴ ልትወጣ! «ተራቸውን እንዳታዛቢ!»
«እያንዳንዱን ከነበረበት ነው የምመልሰው። ዕውር ነኝ እንዴ?»
አንድም አላዛባችም። ይሄ ራሱ አናደደኝ።

ዓርብ
ገጣጠምኩ፣ ቃኘሁ። ከአንዷ የላይኛ ቁልፍ በስተቀር ሁሉም ይሠራል። ለአዳራሹ ኃላፊ ደውዬ «በሃርፕሲኮርዱ እጫወታለሁ» ብዬ ዘጋሁበት። ክሮቹ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አለ። ለአስተማሪዬ ገና አልነገርኳትም።

ቅዳሜ
አባዬ መሣሪያውን በሱቁ ብርድ ልብሶች ጠቅልሎ በባኪው፣ በዚያች ጀርባዋ ክፍት የጭነት መኪናው፣ አደረሰልኝ።
ልገባ ስል ከመድረኩ ጀርባ እማዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ያ የጠበል ጠርሙስ! ደሜ ፈላ። «እማ፣ እንዳትሞክሪው! ዛሬ አንላቀቅም!»
«ለሱ አይደለም» አለች። «ላንቺ ነው።» ግንባሬ ላይ ረጨችኝ።
ተጫወትኩ። ያቺ ቁልፍ እንዳኮረፈች ቀረች፤ ዘለልኳት። ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፤ እማዬ ከሁሉም ቀድማ።
ንዴቴ አሁንም አልበረደም። ግን መድረክ ስወጣ ግንባሬ እርጥብ ነበር፤ አልጠረግኩትም።