በተቆለፈ መስታወት ውስጥ ስለቀረው ቀጠሮዬ

ሰኔ ፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ምናሴ ወልደ ሐዋርያት
የኮሙኒኬሽንና ኒው ሚዲያ ድኅረ ምረቃ ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚመላለሱበትን ጉልበት ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ተማሪዎ ተስኒም ሙሀመድየሱፍ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። የኮሌጁን ስም ከአድራሻው ላይ የተውሁት ንቄ አይደለም፤ ስሙን ለማስጠራት የክፍልዎ ሥራ ብቻውን ይበቃል ብዬ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ባያስታውሱም እንደማልቀየምዎ፣ የሁለት ዓመት ትምህርቴን ለመፈጸም የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ማቅረብ ብቻ ነበር። ጽሑፉ በጣና ዳር ያሉት የደልጊ ዓሣ አስጋሪዎች በቴሌግራም እንዴት እንደሚነጋገሩ ያጠናል። የጎደለኝን መረጃ አሟልቼ እንድመለስ፣ እርስዎ ራስዎ በፈረሙት ደብዳቤ ለዐሥር ቀን ወደ ደልጊ ላኩኝ። በሄድሁ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ፈተናዬ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በክፍሉ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሰኞ ፈታኞቹ መጡ፣ እርስዎም መጡ፣ እኔ አልመጣሁም። ማክሰኞ ደግሞ «ባለመቅረቧ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፋለች» የሚል ሌላ ወረቀት ከመጀመሪያው ጎን ተለጠፈ። ሁለቱንም ያነበብኋቸው ከደልጊ በተመለስሁ ዕለት፣ ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልሁ ነው። ምስጋናዬ እንዳይደበላለቅብዎ በቁጥር አስቀምጨዋለሁ።

፩. ስለ ሰሌዳው። መረጃን ከሌባ ለመጠበቅ ከደረጃ ሥር፣ በመስታወትና በቁልፍ ማስቀመጥዎ የሚደነቅ አስተዋይነት ነው። ቢሮዎ መጥቼ አቤት ስል፣ በመመሪያው መሠረት ሰሌዳ ላይ ሦስት ቀን የዋለ ማስታወቂያ ለሚመለከተው ሁሉ እንደደረሰ እንደሚቆጠር፣ ቅዳሜና እሑድም ቀን እንደሆኑ በትዕግሥት አስረድተውኛል። በኮርስዎ ላይ «የኒው ሚዲያ ዋነኛ ባሕርይ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውን፣ «ፍጥነትና መስተጋብር» ብዬ በመመለሴ ሙሉ ውጤት ሰጥተውኝ ነበር። ያን ውጤት ያለአግባብ ወስጃለሁና ቢቀንሱልኝ አልከፋም።

፪. ስለ ስልክ ቁጥሬ። ከተመዘገብሁ ጀምሮ በሰባት ቅጽ ላይ ሞልቻለሁ። በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው ሲባልም በወረታ ሱቅ ያለውን የአባቴን ቁጥር አክያለሁ። እስከ ዛሬ ለአንዳችንም ባለመደወልዎ ምስጢራችንን ጠብቀውልናል።

፫. ስለ ጋሽ አምባቸው። ይህን ምናልባት አያውቁት ይሆናል። የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ አምባቸው፣ የሰሌዳው ቁልፍ በእጃቸው ስለሆነ፣ አዲስ ወረቀት በተለጠፈ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው ያነቡና ስሙ ለተጻፈው ተማሪ ሁሉ በራሳቸው ካርድ ይደውላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ስንት ተማሪ በእሳቸው ስልክ ተመርቋል! በዚያ ሳምንት ግን የወንድማቸውን ተዝካር ለማውጣት ደቅ ደሴት ሄደው ነበርና የክፍላችን ኮሙኒኬሽን በሙሉ አብሯቸው ፈቃድ ወጣ። ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው፣ «ልጄ ይቅር በይኝ፣ ባልሄድሁ ኖሮ» ብለው ተንበርክከው ሊለምኑኝ ሲሉ ከመሬት አነሳኋቸው። እስካሁን ከኮሌጁ ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

፬. ስለ ጥናቴ ውጤት። እዚህ ሰሌዳው ላይ ወረቀቱ በተለጠፈበት በዚያው ዓርብ፣ ደልጊ ላይ የአንድ ሰው መረብ በነፋስ ተወስዶ ጠፋ። የቡድናቸው ኃላፊ አቶ አስማማው ይህንኑ በቴሌግራም ጻፉ፤ እኔ ማስታወሻዬን ሳልጨርስ ጎርጎራ ያለ ባለ ታንኳ መረቡን አግኝቶ ፎቶውን ልኮ ነበር። ከተመለስሁ በኋላ ደውዬ የደረሰብኝን ብነግራቸው፣ «አንች ልጅ፣ እኛ ለመረብ ይህን ያህል ስንጠራራ፣ አንችን የሚያህል ሰው ሲጠፋ አለሁ የሚል ጠፋ? ለመሆኑ የምትማሪው ምን ነበር?» አሉኝ። ኮሙኒኬሽን ብዬ ለመመለስ አፈርሁ። ኔትወርኩ የተቆራረጠ አስመስዬ ዘጋሁባቸው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ የአዘጋጅነት ቦታ ይዞልኛል፤ የሚጠብቀኝ ግን እስከ ሰኔ ሠላሳ ብቻ ነው፤ ያለ ዲግሪው አይቀጥረኝም። አባቴ ሱቁ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ተስኒም ጨረሰች» ብሎ ስኳር ሲመዝን ሲያወራ ከርሟል። ለሚቀጥለው ዓመት መተላለፌን እስካሁን አልነገርሁትም። ሲደውልልኝ ስለ ስኳር ዋጋ እየጠየቅሁ ወሬውን አስቀይረዋለሁ። አልቅሻለሁም፤ ይህን መደበቅ ምን ይረባኛል? የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኔ ሃያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፈታኞቹ ተቀምጠው ይስሙኝ። ቢጥሉኝም ቆሜ ተናግሬ ልውደቅ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ መልእክት ያስተማሩኝን ሁሉ፣ መልእክት ባለማድረስም ጭምር ስላስረዱኝ ውለታዎን የማልረሳ፣ በየደረጃዎ ሥር አንገቴን አስግጌ የማነብ፣ ታዛዥ ተማሪዎ

ተስኒም ሙሀመድየሱፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ዛሬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ቀርቦ፣ ወይዘሮ የብርጓል እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ቁጥር ሰጥተው ማኅተም መትተውበታል። አሁን ከደረጃው ሥር፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ከሁለቱ ወረቀቶች ጎን ተለጥፏል። እስከ ሰኞ ጠዋት ተቃውሞዎን እዚያው ካልለጠፉ፣ በመመሪያው መሠረት የሰኔ ሃያው ቀጠሮ እንደደረሰዎና እንደተስማሙበት እቆጥራለሁ፤ ለፈታኞቹም ግልባጩን በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ። ጋሽ አምባቸው ሊደውሉልዎ ስልካቸውን አውጥተው ነበር፤ አይሆንም ብዬ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።