እስከ አሥራ ሦስት

ሰኞ ጠዋት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
(ቀኑ ስንት እንደሆነ እናትሽን ብጠይቃት ለምን እንደፈለግሁት ትመረምረኛለች፤ ስለዚህ ሰኞ ይበቃሻል።)

ለቆጣሪዬ፣ ባሕር ተሻግራ ክኒን ለምትቆጥረው የልጄ ልጅ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ አዲስ፣ ጉልበቴ አሮጌ፣ መካከሉ እንደነበረ ነው። ፊደሌ ገዝፎ ብታዪው እንዳትደነግጪ፤ በመስመሩ ሥር ካርቶን አድርጌ ነው የምጽፈው። አንዳንዱ ቃል ከሀዲዱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ካገኘሽው፣ የሞተም የቆሰለም የለምና አንስተሽ ወደ ቦታው መልሺው።

እናትሽም ደህና ናት። ከሁሉ ይበልጥ ደህና የምትሆነው እኔን ስትቆጣ ነው፤ ትናንት ደግሞ በጣም ደህና ነበረች። ቅዳሜና እሑድን ከቤት ጠፍቼ ነበራ!

«ሰዓት ሠሪው ጓደኛዬ ዘንድ ልሄድ ነው፤ አድሬ እመጣለሁ» አልኳት ቅዳሜ ጠዋት።

«ካሜራው ሰዓት ሠሪ ቤት ምን ይሠራል፣ አባዬ?»

«እየዘገየ አስቸገረኝ፤ ላሳየው ነው።»

«ማክሰኞ ቀጠሮ እንዳለህ እንዳትረሳ!»

«ማክሰኞ የሚመጣው ከእሑድ በኋላ ነው» ብያት ውልቅ አልኩ።

ስለ ማክሰኞ ትጽፍልሽ ይሆናል። አትስሚያት፣ ትንሽ ነገር ናት። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ለልጅ ደግሞ ትልቅ ነገር አይሰጡትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው ሳምንት ራዲዮ ስሰማ (ጋዜጣ ማንበብ ትቻለሁ፤ ቀለም ለመቆጠብ ብለው ፊደሉን ከቀን ወደ ቀን እያሳነሱት ነው) ዘጠኝ ቁጥር ሎኮሞቲቭ ልትሰናበት ነው አሉ። አክስቴ! አረንጓዴዋ፣ ወገቧን በቢጫ መስመር የታጠቀችው፣ ዳገት ላይ እያሳለች የምታጉረመርመው። «አክስቴ» ብለሽ ስም ያወጣሽላት አንቺ ነሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሩቅ መስመር ላይ ጭነት ስትጎትት ኖራ፣ እሑድ ጠዋት ለአንድ ጊዜ ብቻ በእኛ መስመር ሰው ጭና ታልፋለች፤ ከዚያ ወደ ብረት መጣያ። አንቺ ዘንድ ባለው ደብተራችን ውስጥ የዚህ መስመር ሎኮሞቲቮች ሁሉ ፎቷቸው ተለጥፎ ቁጥራቸው ተጽፎ ተቀምጧል። ባዶ የሆነው የዘጠኝ ቁጥር ገጽ ብቻ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። ማለቴ፣ አንቺ የምታውቂው አንድ ነው፣ እኔ የማውቀው ሌላ። እደርስበታለሁ፤ ዳገት ላይ አትግፊኝ።

ቅዳሜ በአሥራ አራት ቁጥር ተሳፈርኩ፤ በወፍራሙ። የእኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ከበሩ ሦስተኛው፣ በግራ በኩል። መስኮቱን ከፍቼ ክንዴን አወጣሁ። የጋለ ብረትና የታጨደ ሣር ይሸታል። የስልክ ምሰሶዎቹ ፍት፣ ፍት፣ ፍት እያሉ ያልፋሉ፣ አንድ ሰው ትልቅ መጽሐፍ ሳያነብ ገጹን ብቻ እንደሚገልጥ። ጭጋግ ነበር፣ ልጄ፤ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ጭጋግ። ዛፎቹ ከውስጡ ብቅ ይሉና ማን እንደሆኑ ሳይነግሩኝ ይሄዳሉ። ቤቶቹ ልብስ ሰፊ በጠመኔ አስምሮ ገና መቀስ ያላሳረፈበትን ጨርቅ ይመስላሉ። አርባ አምስት ዓመት ጨርቅ ሳሰምር ኖሬ፣ ዓለም ራሷ እንደዚያ ተሰምራ ስትጠብቀኝ ደስ አለኝ። ለመቁረጥ አልቸኮልኩም። ዝም ብዬ አየሁ።

ትኬት ቆራጯ መጣች። በወንበር ሥር ተደብቀሽ እግርሽን ይዞ የጎተተሽ የዚያ ትኬት ቆራጭ ልጅ ናት፤ ሥራውንም ጢሙንም ልትወርስ ምንም አልቀራት ብዬ ስቀልድባት ትስቃለች።

«ይህ ጭጋግ መቼ ይገፈፋል?» አልኳት።

«የምን ጭጋግ አባባ? ፀሐዩ አናት ይበሳል እኮ!»

«የሚበሳው የወጣት አናት ነው። የኔ ተደፍኗል።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ በመሃል ቆመ። አጠገቤ ቁጭ አለችና «ካሜራዎ የፊልም ነው? አሁንም ፊልም ይሸጣል?» አለችኝ።

«አንድ ጥቅል ቀርቶኛል። ነገ ለዘጠኝ ቁጥር ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔ በስልኬ አላነሳልዎትም? እዚያው ባቡሩ ላይ ነኝ።»

«አይሆንም፣ ልጄ። ይህ ተበላሽቶ የተሰፋ ልብስ ነው። ያበላሸው ሰው ራሱ ነው መፍታት ያለበት።»

መገናኛው ጣቢያ ስንደርስ ወርጄ ወፍራሙን ሲነሳ የፊሽካውን ድምፅ ተከትዬ ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ በሠላሳ አንድ ቁጥር ደርሶ መልስ ሄድኩ፤ አዲሷ በኤሌክትሪክ የምትሄደው። ድምፅ የሚባል የላትም፣ እንደ ድመት ነው የምትመጣው። «እንዴት አደርሽ» ብዬ ሳልጨርስ አልፋኛለች። እሷንም አንስቻለሁ፤ ጅራቷ ከተገኘ ተመስገን በዪ። ያደርኩት ጣቢያው ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ነው። ጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር አልጋው እሽሩሩ ይለኛል። በሕልሜ አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ ስፌት መኪናዬ ላይ እግርሽን አንጠልጥለሽ ቁልፍ ትቆጥሪያለሽ። በመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ሎኮሞቲቮቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። በሕልሜ ቀዳዳው ሰፊ ነው። የዘንድሮ መርፌ ግን ቀዳዳ የለውም፤ ሠሪዎቹ ረስተውታል መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ትንሿ ማቆሚያ ላይ ወረድኩ። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ባለ ሦስት እግር ማቆሚያቸውን ተሸክመው ወደ ብረት ድልድዩ ሮጡ። እኔ አጥሩን በእጄ ይዤ ወደ እኛ ድንጋይ ሄድኩ፤ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ ነው። በአንቺ እግር ሦስት መቶ አርባ ነበር፣ ያውም አርባውን በትከሻዬ ላይ። የኪሎ ሜትር ድንጋዩ አለ፤ ሞቅ ብሎታል። ተደገፍኩት።

አሠራራችንን አልረሳሽውም። ካሜራው ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ የሌንሱ ርቀት አስቀድሞ ይስተካከላል፣ ከዚያ መታጠፊያው ባቡሩን ስለሚጋርደው ጆሮ ብቻ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ድምፁ ባዶ በርሜል ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ከዚያች ቅጽበት እስከ አሥራ ሦስት ሲቆጠር የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ከካሜራው ፊት ለፊት ያለው ነጩ ምሰሶ ዘንድ ይደርሳል። አንቺ በመዳፍሽ ጉልበቴን እየመታሽ ትቆጥሪያለሽ፣ አሥራ ሦስት ስትዪ እኔ እጫናለሁ። ስንቱን እንዲህ ያዝነው!

አክስቴን ግን አልያዝናትም። ያን ቀን አልፋ ስትሄድ ቀና ብለሽ «አባባ፣ ያዝካት?» አልሽኝ። እኔም «ቸኮልሽ። ባዶ ሀዲድ ነው ያነሣሁት» አልኩሽ። በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ወደ ሩቁ መስመር ተዛወረች፤ አንቺም ከዚያ ወዲህ «አንተ ቁጠር» ብለሽ መቁጠር ተውሽ። እኔ ደግሞ ሞኙ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ስቀልድብሽ ኖርኩ። በልደትሽ፣ በምርቃትሽ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሳይቀር፦ የመብራት ቆጣሪ እንኳ እንደ አንቺ አይሮጥም!

ልጄ፣ አልቸኮልሽም። የዚህ ካሜራ ማያ ቀዳዳው ከሌንሱ ለብቻው ነው፤ ሌንሱ ቢሸፈንም በቀዳዳው ዓለም ወለል ብሎ ይታያል። አክስቴ አልፋ ስትሄድ የሌንሱን ክዳን ልመልስ እጄን ብሰድ፣ ክዳኑ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሳልከፍተው ነው የተጫንኩት። አንቺ ቀና ብለሽ ታዪኛለሽ። አዋቂ ሰው፣ ልብስ ሰፊ፣ ሴንቲ ሜትር የማይስት ሰው! እጄን ሌንሱ ላይ ጋረድኩና ያችን ቃል ተናገርኩ። ትንሽ ቃል መስላኝ ነበር።

ባለፈው ደብዳቤሽ ክኒን ሦስት ጊዜ ስለምትቆጥሪ ወረፋው መንገድ ድረስ እንደሚወጣና አለቃሽ እንደሚቆጣሽ ጻፍሽልኝ። «ምን ላድርግ አባባ፣ አንዴ ቸኩዬ አክስቴን አስመልጫታለሁ» ብለሽ ቀለድሽ። እናትሽ ስታነብልኝ ከት ብላ ሳቀች። እኔ እንኳን ልስቅ፣ ሻዬን መጨረስ አቃተኝ።

ለዚህ ነው እሑድ ድንጋዩ ላይ የተገኘሁት። በዚህ ጊዜ ክዳኑን ነቅዬ በጥርሴ ነከስኩት፤ እዚያ ካለ ሌላ ቦታ የለም ማለት ነው። አፌ ስለተያዘ መቁጠር የምችለው በእጄ ብቻ ነው። በአንድ እጄ ካሜራውን ያዝኩ፣ በሌላው ጉልበቴን። በመታጠፊያው ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት ያኔ የነበረው ነው፤ ትኬት ቆራጯን አስምዬ ነው የጠየቅኋት። ስለዚህ ልክ እንደ አንቺ፣ በአንቺ መዳፍ ምት ልቆጥር ቆረጥኩ። አንድም አልጨምር፣ አንድም አልቀንስ።

ነጩ ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ሩቅ ሳል ሰማሁ። አቤት አክስቴ! ያው ደረቷ ነው፣ አንድም ቀን ሐኪም አላየችም። ድልድዩ ላይ ወጣች፣ በርሜሉ ጮኸ፣ መዳፌ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ሰባት ላይ ልቤ ከእጄ ልትቀድም ፈለገች፤ መለስኳት። አሥራ ሦስት። ተጫንኩ።

ምድር ተንቀጠቀጠች፣ ትኩስ ነፋስ ባርኔጣዬን ወሰደው፣ ነጂው ጥሩንባውን ረጅም አድርጎ ነፋው፣ ሰዎች ከመስኮት ጮኹ። ከዚያ ነጭ ውስጥ አረንጓዴ መጣ። አረንጓዴ፣ በመሃሉም ቢጫ መስመር፣ ረጅም፣ የማያልቅ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ ሐኪሙ የፈለገውን ይበል፣ ይህን አላየህም ሊለኝ አይችልም።

ስመለስ ትኬት ቆራጯ «አባባ፣ አገኟት?» አለችኝ።

«እሱን የምታውቀው ሰው ሌላ አገር ናት» አልኳት።

ቤት ስደርስ እናትሽ በር ላይ ቆማለች። ሰዓት ሠሪው ደውሎላት ኖሯል፦ «አባትሽ ቅዳሜ ከባቡር መስኮት ባርኔጣ አነሳልኝ፤ ምነው ጎራ ሳይል?» ብሎ። ጓደኛ ነው ይሄ? የሆነው ሆኖ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ጫማዬን ራሷ ፈታችልኝ፤ በዚህ ጊዜ ነው የፈራሁት።

ፊልሙን ሳይታጠብ ልኬልሻለሁ። እዚህ ያለው ፎቶ ቤት አይታመንም ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አንቺው አሳጥቢውና እይልኝ። ምን እንደወጣ ስታውቂ አትጻፊልኝ፤ ደውለሽ በድምፅሽ ንገሪኝ፣ ቀለሙን ሳይቀር። ክዳኑም ፖስታው ውስጥ አለ። የጥርስ ምልክት ታገኚበታለሽ፤ ጥርሱ አዲስ ስለሆነ ምልክቱ ቆንጆ ነው። ካሜራውን እናትሽ ሰው ስታገኝ ትልክልሻለች። እሱ እዚህ ሥራ የለውም።

እንግዲህ ክኒኑን አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠሪ። ወረፋው ይጠር፣ አለቃሽ ይሳቅ፣ በሄድሽበት ሁሉ ምልክቱ አረንጓዴ ይሁንልሽ፣ ድልድዩም ይጽናልሽ። ጉልበቴ ላይ ያረፈው መዳፍሽ ይባረክ።

አክስቴ ምሰሶው ዘንድ አፍንጫዋን ቀስራ ከወጣች፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ልክ ነበርሽ ማለት ነው፤ ደብተሩ ላይ ለጥፊያት። ባዶ ሀዲድ ከወጣ ግን፣ እንዳላዝን ብለሽ «ወጥታለች አባባ» እንዳትዪኝ። በዚህ ቤት አንድ ውሸታም ይበቃል። ስልኩን አንሺና «ቸኮልክ» በዪኝ፤ ያችን ቃል አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ልስማት።

አያትሽ፣
ጡረተኛው ልብስ ሰፊ